እግሯ ካልተከፈተ እንዴት ትታዘላለች?

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለች አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ ስለ ጨርቅ አሻንጉሊት አሰፋፍ ለእናቶችና ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን የተናገርሁት ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ገለበጥሁት፤ ያወጣሁት ሳሌንና መነጽሬን ስፈልግ የጠፋውን ጊዜ ብቻ ነው።)

እንዴት ዋላችሁ!

አይ፣ እንዲህማ አይሆንም። ምሳ በልታችሁ አይደል የመጣችሁት? እንዴት ዋላችሁ!

እሰይ! እግዜር ይመስገን። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ መምህራን፣ እዚያ በር ላይ የቆማችሁ አባቶችም ግቡ እንጂ፤ መርፌ አይናከስም። ልጆች ምንጣፉ ላይ ጠጋ ጠጋ በሉ።

ስላከበራችሁኝ እግዜር ያክብርልኝ። ንግግር አድርጊ ስባል ደንግጬ ነበር። የማውቀው መስፋት ነው። ስሰፋ ደግሞ አፌ ላይ ስፒል እይዛለሁ፤ ስፒል በአፍ ይዞ ወሬ የለም። ሠላሳ ዓመት ዝም ብዬ ኖሬአለሁ ማለት ነው። ዛሬ ስፒሉን ቤት ትቼ ስለመጣሁ፣ ብዙ ባወራ ዕዳው የእናንተ ነው።

የምናገረው ስለ ጨርቅ አሻንጉሊት ነው፤ እጅና እግሯ ስለሚንቀሳቀስ፣ በእጅ ስለምትሰፋ። ሦስት ነገር አነሣለሁ፤ አንደኛ ጨርቁና ሙሌቱ፣ ሁለተኛ መጋጠሚያው፣ ሦስተኛ ፊቷ። ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከአሁኑ እወቁት። ያዋረደኝም እንጀራ ያበላኝም እሱ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ልጠይቃችሁ። ልጅ ሆናችሁ እቃቃ ስትጫወቱ አሻንጉሊታችሁ ከምን ነበረች?

ከበቆሎ! አያችሁ፣ የገጠር ልጅ ወዲያው ይታወቃል። እሸት በቆሎ ከነጸጉሩ። ጸጉሩን ሹሩባ እንሠራው ነበር። ሁለት ቀን ታምራለች፣ በሦስተኛው ትጠወልጋለች፤ ካልጠወለገች ደግሞ ታላቅ ወንድም ጠብሶ ይበላታል። የእኔን የበላት ወንድሜ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀኝም።

እሺ፣ ያቺን በቆሎ ምን እናደርጋት ነበር? ሱቅ መስኮት ላይ እንደሚታዩት ቁጭ አድርገን እናያት ነበር? አይደለም። ምን እናደርጋት ነበር?

እናዝላታለን! አዎ! የእናታችንን ነጠላ ጫፍ አጥፈን በጀርባችን እናዝላታለን። እሹሩሩ እያልን ምንጭ እንወርዳለን። ይህን ያዙልኝ፤ አትርሱት። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አንደኛው። የጨርቅ አሻንጉሊት የትናንት ነገር አይደለም። ለንደን፣ ብሪትሽ ሙዚየም ውስጥ አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት አለች። የተገኘችው ግብፅ ነው፤ ሮማውያን ግብፅን በሚገዙበት ጊዜ፣ ከ1ኛው እስከ 5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ የተሠራች ናት ይሏታል። ሰውነቷ ከተልባ ክር የተሸመነ ጨርቅ ነው። ሆዷ ውስጥ ምን የተጠቀጠቀ ይመስላችኋል?

ቡትቶና ፓፒረስ! ፓፒረስ ምንድን ነው? ደንገል ነዋ! ይኼ መስኮቱን ብትከፍቱ የሚታያችሁ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል። ዓባይ ከዚህ ከአጠገባችን ወጥቶ እዚያ ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ ታች ደግሞ አንዲት እናት ቁጭ ብላ በደንገል የልጇን አሻንጉሊት ትሞላ ነበር። ይህን የሰማሁ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታዲያ እኔ ነገር ሰምቼ መች እቀመጣለሁ? በማግስቱ ደንገል አስመጣሁ። ልጣጩን አወጣሁ፣ ውስጡን ከተፍሁ፣ አደረቅሁ፣ አንዲት አሻንጉሊት ሞላሁበት። መጀመሪያ እንዴት ታምር ነበር! ቀላል፣ እንደ ላባ። ሁለት ሳምንት ሳትቆይ ግን እንደ ብስኩት ተፈረፈረች፤ ሆዷ ጎደለ። ጭራሽ የምትጫወትባት ልጅ አጠበቻትና ሻገተች። ታንኳ ያላቸው ሰዎች ከውኃ ሲወጡ ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት ለምን ይመስላችኋል? ደንገል ውኃ ይጠጣል። ግብፅ ደረቅ አገር ነው፤ የእኛ ክረምት ሌላ ነው።

ስለዚህ ጥጥ። ፍሬው የወጣለት፣ የተዳመጠ፣ የተነደፈ ጥጥ። እናቴ ፈታይ ነበረች፤ ባዘቶዋን እየሰረቅሁ ነው ሙያውን የጀመርሁት። ጥጥ ስትሞሉ በጣታችሁ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠራችሁ ሙሉ፤ ከሩቁ ጫፍ፣ ከእጇና ከእግሯ መዳፍ ጀምሩ። እፍኝ ሙሉ ጥጥ አንድ ጊዜ ከከተታችሁበት ይቋጠራል፤ እጇ እባብ እንቁላል የዋጠ ይመስላል። መጠቅጠቂያ የእንዝርት ዘንግ የመሰለ የለም፤ ከሌላችሁ ያልተቀረጸ እርሳስ። በጨርቅ ቁርጥራጭ መሙላትም ይቻላል፤ ግን ትከብዳለች፤ የከበደች አሻንጉሊት ደግሞ ክንዷ ቶሎ ይገነጠላል።

ጨርቁ አቡጀዲ ይሁን። ባሕር ዳር ላይ ተቀምጠን ጨርቅ አጣን ብንል ያስቅብናል፤ ይህ ከተማ በጨርቅ ፋብሪካ ያደገ ከተማ ነው። ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው የተሠራው። የሠፈራችን አባቶች ግማሾቹ ሦስት ፈረቃ ሲገቡ እያየን ያደግን ልጆች ነን። አቡጀዲውን ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት፤ ካልታጠበ፣ ኋላ ይሰበሰባል፣ አሻንጉሊቷም ጠባብ ቀሚስ የለበሰች ትመስላለች፤ ቆዳዋ ነው ጠባቡ እንግዲህ።

ነጭ አትተዉት። የቡና አተላ ታውቃላችሁ አይደል? የቡና አገሩ ዘጌ አፍንጫችን ስር እያለ ቀለም ከሱቅ ምን ያስገዛናል? በረካው ካለቀ በኋላ የጀበናውን አተላ እንደገና በብዙ ውኃ አፍሉት፤ አጥልሉት፤ አቡጀዲውን ንከሩበት፣ አሳድሩት። የልጆቻችንን መልክ የሚመስል ይወጣል፤ ቀይ ዳማ፣ ጠይም። በጣም ጠቆር ያለ ከፈለጋችሁ ግን ቡናማ ጨርቅ ግዙ፤ ቡና ያን ያህል አይሄድም፤ በታጠበ ቁጥርም ትንሽ ትንሽ ይለቃል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ፤ ይቺን ሸማኔ ይረዳኛል። ጨርቅ ድርና ማግ አለው። እጅና እግሯን ስትቆርጡ ርዝመቷ በድሩ በኩል ይሁን። አግድም ከቆረጣችሁት፣ ልጅ እየጎተተ ያረዝመዋል፤ በዓመቱ አሻንጉሊቷ እጇ ጉልበቷ ላይ ይደርሳል። ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ዝንጀሮ ነው የመሰለችው።

እሺ፤ ሁለተኛው። መጋጠሚያ።

ከዓመታት በፊት ነው። ለገና ይሁን ብዬ 20 አሻንጉሊት ሰፋሁ፤ ዋናው መንገድ ላይ ላለ አንድ ሱቅ አስረከብሁ። እንዴት ያለ ደስታ! ሁሉም ተሸጠ። ጥምቀት ዋለ። በማግስቱ ባለሱቁ ጠራኝ። ስሄድ ሰባቱ ተመልሰዋል። ሰውነታቸው በካርቶን፣ ክንዳቸው በፌስታል። ለየብቻ! ፌስታሉን አንሥቶ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እትዬ፣ እኔ የከፈትሁት ሱቅ ነው ወይስ የወጌሻ ቤት?»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ያን ቀን አልሳቅሁም። ፌስታሉን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ በዘንባባዎቹ ስር እያለቀስሁ ነው ቤቴ የገባሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠፈር ልጅ ሁሉ ወጌሻ ይለኛል። አሁን አሁን ወድጄዋለሁ።

ቤት ገብቼ ሰባቱንም ጠረጴዛ ላይ አሰልፌ አየኋቸው። ክሩ አልተበጠሰም። የተቀደደው ጨርቁ ነው። ለምን? ክንዱን ትከሻው ጠርዝ ላይ በተራ ክር ነበር የሰፋሁት። ልጅ አሻንጉሊት የሚይዘው በምንድን ነው? በአንድ እጇ ነው! እየጎተተ ነው የሚሄደው። የሰውነቷ ክብደት ሁሉ አራት አምስት የመርፌ ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ጨርቅ ምን ያድርግ?

ያኔ ትዝ ያሉኝ እውነተኛው ወጌሻ ናቸው። ልጅ ሆኜ፣ ዘጌ በኩል ስንኖር፣ ከሾላ ዛፍ ወድቄ ክርኔ ወለቀ። አባቴ አዝሎ ወሰደኝ። ሽማግሌው መጀመሪያ ክርኔን ነካም አላደረጉት። «ዶሮ አላችሁ?» አሉኝ። «አሉን» አልሁ። «ስንት ናቸው? እስቲ በየመልካቸው ቁጠሪልኝ።» ቀዩ አውራ፣ ገብስማዋ፣ ነጯ... አራተኛዋ ላይ ስደርስ ቀጭ! ጩኸቴ ደሴቶቹ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ለእናቴ የነገሯትን ነው የማልረሳው፤ «አጥብቀሽም አትሰሪው፣ አላልተሽም አትተይው። አጥብቀሽ ካሰርሽው ይደርቃል፣ ካላላሽው ተመልሶ ይወጣል።» ይኸው ነው። ስለ አሻንጉሊት ክንድም ከዚህ የተሻለ የነገረኝ የለም።

አሁን ይቺን እዩ። ከኋላ ያላችሁ ቁሙ። ሙሌቷ አልቋል፤ ሁለቱ ክንዶች ለብቻቸው ተሞልተው ተዘግተዋል። የሚያስፈልገን ሁለት ትልልቅ ቁልፍ፣ ፍራሽ ሰፊዎች የሚይዙት ዓይነት ረጅም መርፌ፣ ረዘም ያለ ጠንካራ ክር። ዓሣ ማጥመጃ ናይለን እንዳታመጡ! ጣና ዳር ስለሆንን ሁሉም እሱን ነው የሚያመጣልኝ። ያ ቀጭን ለስላሳ ናይለን ጨርቅ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። የመረብ ክር ካገኛችሁ፣ የተገመደውን፣ እሱ ጥሩ ነው። እኔ ግን የጥጥ ክር ደርቤ ጧፍ እቀባዋለሁ፤ እንዲህ፣ ክሩን ጧፉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ሳብ። ሰሙ ክሩን ያጠነክረዋል፣ እንዳይተረተርም ይይዘዋል። ጧፉ ከገበያ የተገዛ ነው፤ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አመጣች ብላችሁ እንዳታሙኝ። ሽታው ማር ማር የሚለውን ምረጡ።

መርፌውን ከክንዱ ስር፣ ብብቷ ውስጥ አስገቡ፤ ቋጠሮው እዚያ ይደበቃል። ከሰውነቷ በወዲያ በኩል ይውጣ፤ ወዲያኛውን ክንድ ይብሳ፤ ቁልፉን ይብሳ። በሌላኛው የቁልፍ ቀዳዳ ይመለስ፤ ክንዱን፣ ሰውነቷን፣ ወዲህኛውን ክንድ፣ ወዲህኛውን ቁልፍ። እንደገና ተመለስ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። አሁን ሳቡ... ሳቡ... አያችሁ? ትከሻዋ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ሠራ። እዚህ ላይ ቁም! ከዚህ በላይ ከሳባችሁ ክንዷ አይዞርም፤ ከዚህ በታች ከሆነ በሳምንቱ ይንጠለጠላል። በክንዱና በሰውነቷ መካከል ክሩን አራት ጊዜ ጠምጥሙት፣ ቋጥሩት፣ ጫፉን ሆዷ ውስጥ ቅበሩት። እስቲ ክንዷን አንሡ። ባነሣችሁበት ቀረ አይደል? ሰላም በይ! አየሽ፣ ሰላም አለች።

ከመብሳታችሁ በፊት ሁለቱን ትከሻ በስፒል ምልክት አድርጉበት፤ እኩል ይሁን። አንዱ ዝቅ ካለ ዕድሜ ልኳን ባልዲ የተሸከመች ነው የምትመስለው።

ይህን ዘዴ እኔ አልፈጠርሁትም። ጥንት ግሪኮች የሸክላ አሻንጉሊት እጅና እግር በክር ያስሩ ነበር። ጀርመን አገር ደግሞ ማርጋሬተ ሽታይፍ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሕፃን ሳለች ፖሊዮ ይዟት እግሮቿ አይታዘዙላትም፣ ቀኝ እጇም ያስቸግራት ነበር። በ1880 አካባቢ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ መርፌ መሰኪያ ይሁን ብላ ከጨርቅ ትንሽ ዝሆን ሠራች፤ ልጆች ነጥቀው መጫወቻ አደረጉት። በ1902 የወንድሟ ልጅ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ ሠራ። መጋጠሚያው ምን ነበር? ክር! እነሱንም ክሩ እየላላ አስቸግሯቸው ሌላ ዘዴ ፍለጋ ሄዱ። ይህን ሳነብ እንዴት እንደተጽናናሁ! ለካ የጀርመንም ድብ ወጌሻ አስፈልጎት ነበር።

እንግዲህ በክንዱ ጎበዝሁ። እግሩንም እንደ ክንዱ በቁልፍ አደረግሁት። አሻንጉሊቶቼ ይቀመጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ረከቦት አጠገብ ተቀምጠው ቡና የሚያፈሉ ይመስላሉ። ኮራሁ! ከዚያ አንድ ቀን የጎረቤቴ ልጅ፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ የሰጠኋትን አሻንጉሊት ይዛ መጣች። «እማማ፣ ይቺ ልጅ እምቢ አለችኝ» አለችኝ። «ምን ብላ?» «አልታዘልም ብላ።»

አልታዘልም ብላ!

ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁን አስታወሳችሁ? ልጂቱ ዞራ አሳየችኝ። አሻንጉሊቷ ጀርባዋ ላይ እንደ ግንድ ቀጥ ብላለች፤ ሁለቱ እግሮች እንደ ተጣበቁ። ነጠላው ሲጠብቅ ወደ ላይ ትሾልካለች፤ ሲላላ ወደ ታች። ለምን መሰላችሁ? በቁልፍ የተያዘ እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ወደ ጎን አይከፈትም። የፈረንጅ ልጅ አሻንጉሊቷን በጋሪ ትገፋለች፤ ለእሷ ቁጭ ማለቷ ይበቃታል። የእኛ ልጅ ግን ታዝላለች! አንቀልባ ውስጥ የሚገባ ልጅ እግሩ ግራና ቀኝ ወገብ ማቀፍ አለበት። እናቶች፣ እናንተ ናችሁ የምታውቁት፤ እግሩን የማይከፍት ልጅ ማን አዝሎ ያውቃል?

ያን ማታ ሁሉንም እግር በምላጭ ቆርጬ ጣልሁ። የባሌን ፊት ብታዩት! «ደግሞ በገዛ እጅሽ?» አለኝ። አዎ፣ በገዛ እጄ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፤ ክንዷ በቁልፍ፣ እግሯ በማጠፊያ። እግሩን እስከ ጭኑ ሙሉት፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ተዉ፣ አትሙሉት። ባዶውን ጨርቅ ዘርግታችሁ ከሰውነቷ ታችኛው ጠርዝ ውስጥ ከትታችሁ ስፉት፤ አንድ ስፌት ወደፊት ግማሽ ወደኋላ እየተመለሳችሁ፣ ሁለት ዙር። ያ ባዶ ቦታ ነው መጋጠሚያው። ወደ ፊት ይታጠፋል፣ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ትቀመጣለች፣ ትታዘላለች። ጉልበት ከፈለጋችሁም እንደዚያው፤ ባቱን ሙሉ፣ ግማሽ ጣት ባዶ ተዉ፣ አግድም አንድ መስመር ስፉ፣ ከዚያ ጭኑን ሙሉ።

አንዲት ወጥመድ አለች፤ ሁሉም ሰው ይወድቅባታል። እግሩን ስትዘረጉት ሁለቱ የጎን ስፌቶች መሐል ላይ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ እርስ በርስ ይግጠሙ። ስፌቶቹን ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ከዘረጋችሁት ጣቷ ይዞራል። የመጀመሪያዋ እንደዚያ ሆና አንዱ እግሯ ወደ ጎንደር፣ ሌላው ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄድ ነበር።

ስለ ቁልፍ መምህራን ስሙኝ። ቀልዱን ትቼ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁልፍ የሚባል ነገር አሻንጉሊት ላይ አይኑር። ዓይንም ቢሆን፣ ዶቃም ቢሆን። ልጅ ያኝካል፣ ክር ይበጠሳል፣ ጉሮሮ ይታነቃል። የመጫወቻ ደኅንነት መስፈርቶች ለሕፃናት የሚጠቀሙባት መለኪያ ወርዷ 3.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ጠባብ ዕቃ ናት፤ ውስጧ ሙሉ በሙሉ የገባ ነገር ሁሉ አይሰጣቸውም። የሸሚዝ ቁልፍ ስንት ይሆናል? ይገባል፣ ይተርፋታልም። ለሕፃን የምትሆነዋን ክንዷንም እንደ እግሯ በማጠፊያ ስፉት፤ ዓይኗን በጥልፍ ክር ሥሩት።

ሦስተኛው ፊቷ ነበር። ሰዓቱ ሄዷል መሰለኝ፤ ባጭሩ ልበል። ዓይኗን ከፊቷ እኩሌታ ላይ አድርጉት፤ ሁሉም ሰው ግንባሯ ላይ ነው የሚሰቅለው። ጸጉሯ የሹራብ ክር፤ ጋሜም ቁንጮም ሹሩባም እንደ ልባችሁ። አፏን ትንሽ አድርጉት፣ ሁልጊዜ እንድትስቅ አታስገድዷት፤ ልጅ ሲያለቅስ እሷም አብራው ታልቅስበት። ይኸው ነው፤ ፊት ላይ የእኔ እጅ ከእናንተ አይበልጥም።

ምን አለ? ጥያቄ? ና፣ የእኔ ጌታ፣ ጮክ ብለህ ተናገር።

«ኳስ ትመታለች ወይ» ነው የሚለው! ሰማችሁ? እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስብ ይህ አልመጣልኝም። የዚች ጉልበት ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚታጠፍ እግሯ ይወላከፋል እንጂ አይመታም። ቆይ... ጉልበቱን ሞልተን፣ ጭኑ ላይ ብቻ ማጠፊያ ብንተው፣ እግሩን ደግሞ ትንሽ ጠጠር አድርገን ብንጠቀጥቀው? ትመታለች! ሳትመታ አትቀርም። ና ወደ ጠረጴዛው፤ አንተ እግሩን ትጠቀጥቃለህ፣ እኔ እሰፋለሁ።

ሌሎቻችሁም ኑ። አቡጀዲው በግራ በኩል፣ ጥጡ ጆንያው ውስጥ ነው። መቀሱ አራት ነው፤ ጧፉ ግን አንድ ስለሆነ ተራ ጠብቁ። እታለም፣ አንቺ ባለ ቢጫ ነጠላዋ፣ ልጅሽን አውርጂና ስጪኝ እስቲ፤ የእግሩን አከፋፈት አይተን እንለካ።